የሰባት ወር ልጅ

«የሰባት ወር ልጅ!» እል ነበር፣ ለተጣደፉት ሁሉ፣
መብራት ሳይለቅ ለሚነዱ፣ ሰልፍ ጥሰው ለሚዘሉ።
ይኸው ስድቤ ሰው ሆና መጣች፤
ሥጋ በቅጡ ሳትለብስ፣ አንድ ኪሎ ከመቶ አርባ ግራም ሆና ወጣች።

ስም የላትም ገና። እግሯ ላይ፣ በነጭ ፕላስተር፣
«የትርሲት ህፃን» ብላለች የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር።
እኔ ጽሑፉ ላይ የለሁም። እኔ ደጅ ነኝ፤ ወረቀት ይዤ ሯጭ፣
ሲመሽ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፌ ተቀማጭ።

ትናንት ሲስተር ጽጌማርያም ሚዛኑን አይታ ሳቀች፤
«አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና! አሥር ግራም ናት የቀረች።
ከነገ ወዲያ ትወጣለች፤ ቤቱን አዘጋጁ» አለች።

ቤቱን።
ጎላ፣ ከሚካኤል ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል፣
ግድግዳው በክረምት የሚያልበው፣ ጣሪያው ሌሊት የሚስል።

ከሥራ ቀረሁና ጣሪያው ላይ ወጣሁ በጠዋት፤
ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንኩ፣ ላስቲክ ዘርግቼ በድንጋይ ጫንኩት።
ወለሉን በበረኪና አሸሁ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ።
የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ ወተፍኩ፤
«አየርስ አያስፈልጋትም?» ብዬ መልሼ አንዱን ከፈትኩ።

ጎረቤቴ ጋሽ ደምመላሽ፣ ብረት በያጁ፣
ሰላሳ ዓመት ሰፈሩን በመዶሻ የቀሰቀሰ በደጁ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ፤
ያ ጎርናና ድምፁ ጠፍቶ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ፤
«ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?» አለኝ።
ምን ልበለው? ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በፊት እንባው ቀደመኝ።

ከሰዓት ሱቅ ሄድኩ።
«ስኳር፣ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም» አልኩት ባለሱቁን።
«ሁለት ልሙላው?» «አይ፣ ተው።» ግራ ገብቶት አስተካከለ ሚዛኑን።
ፌስታሉን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ፣ እንዳስተማሩን፣ በደረቴ ላይ ደግፌ፣
በታክሲ ጥሩንባ እየደነገጥኩ፣ የጎላን ጭቃ አልፌ፣
ቤት ገባሁ።
ስኳሩን አልጋው መሐል አስተኛሁት።
ማንም አላየኝም። ብርድ ልብሱን ስቤ አለበስኩት።

ማታ ትርሲት ደወለች፣ ከእናቶች ማደሪያ፣ በሹክሹክታ፤
ሰው እንዳትቀሰቅስ ነው፣ ወይ ፍርሃቷ ራሱ እንዳይሰማት ፈርታ።
«እዚህ ትንፋሽ ስትረሳ ማሽኑ ይጮሃል፤
እዚያ ማን ይጮሃል?»
«ትንፋሽ ከረሳች እኮ» አልኩ «ስምንት ቀን አልፏል።»
እሷም ቆጥራለች። ከኔ በፊት ቆጥራለች።
ዝም አልን። በስልኩ ውስጥ፣ ከጀርባዋ፣
ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤
የማናውቀው ሰው ልጅ ትተነፍሳለች።
ብዙ ሰማናት። ካርዱ አለቀ።

ከዚያ መብራት ሄደ፤ እንደ ልማዱ።
ፔርሙሱን ሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ ሻማውን ከራስጌ አራቅሁ፣
ትንፋሽ ማዳመጥ ለመልመድ፣ የራሴን ያዝኩና ጠበቅሁ።
የውሻ ጩኸት። ውሃ ከላስቲኩ ላይ ሲወርድ።
ጋሽ ደምመላሽ በግድግዳው ማዶ ሳሉን ሲያፍን።
እጄን ከብርድ ልብሱ ስር ሰደድኩ፤
ስኳሩ ሞቋል።

አልነጋም። ተነስቼ በፖስታ ቤት በኩል ሽቅብ ወጣሁ፣
ነጭ ጋቢ በክንዴ ላይ፣ ጥቁር አንበሳ በር ደረስኩ፣ አንኳኳሁ።
ዘበኛው በእንቅልፍ ዓይኑ፣ የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና፣
«ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እኮ ነው! በሩ አልተከፈተም ገና፤
የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም» አልኩት።
«አባቷ ነኝ።»