ቆጠራ

የሌሊቱ ዘጠኝ። ምድር ቤት ነኝ ተረኛ፤
ማሽኑ ኬሚካል አልቆበት እንደ በሽተኛ ተኛ።
የቀረኝ ማይክሮስኮፕና የጣት መቁጠሪያ ነው፣
ቀጭ… ቀጭ… አንድ ሕዋስ ባየሁ ቁጥር የምጫነው።

ብልቃጧ ትንሽ ናት፣ ክዳኗ ወይን ጠጅ፤
"ዘርጋው አስረስ፣ አልጋ አስራ አራት።"
አውቀዋለሁ። ከልደታ ፍርድ ቤት ደጅ
ጃንጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ፣ በመስመር የሚያስከፍል፣
የእናቴን ቤት ጉዳይ ያኔ ጽፎልኝ
"አቤቱታ እንባ አይወድም፣ ቁጥር ነው የሚወድ" ያለኝ።

ባንደኛው ቀን ሊምፎሳይቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣
በሦስተኛው ስምንት፣ በአምስተኛው አራት መቶ።
ኒውትሮፊሉ ግን ይተራመሳል፣
ቤት ሲቃጠል ባዶ እጁን ደርሶ
አጥር እንደሚያፈርስ ጎረቤት።

ፎቅ ላይ ያለውን አላይም።
በሆዱ ይተኛ በጀርባው፣ ኦክስጅኑ ስንት እንደገባ፣
ልጁ ፍሬሕይወት ጫማዋን ተንተርሳ
ደረጃው ላይ ማደሯን፣
ነርሷ ናት ብልቃጥ ስታቀብል ባጭሩ የምትነግረኝ።
ሰው "ደመ ግቡ" ይላል፣ "ደመ መራራ" ይላል፣ "ደመ ከልብ" ይላል፤
ደም ግን ምንም አይልም።
ይቆጠራል።

ስድስተኛው ሌሊት፦ ሦስት መቶ አስር።
ደግሜ ቆጠርኩ። ሌላ ስላይድ ቀባሁ።
አውራ ጣቴን አባበልኩት፣ አንድ ጨምር፣ አንድ ብቻ።
የሌለ አይቆጠርም።
ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ስምንተኛው፦ አምስት መቶ።
አስረኛው፦ ዘጠኝ መቶ፤ አንዳንዶቹ ገና ትላልቅ፣ ጫፋቸው ሰማያዊ፣
ዩኒፎርም እንደሰፋቸው አዲስ ተማሪዎች።
አስራ አንደኛው፦ ብልቃጥ የለም።
አስራ ሁለተኛው፦ የለም።

ብልቃጥ ካልመጣ ከሁለት አንዱ ነው፤
ሁለቱም አልጋ ያስለቅቃሉ።
ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ከአዳር ስወጣ መንገዴን አዞርኩ፤
ባቡሩ በድልድዩ ላይ ከራሴ በላይ ያልፋል።
ሰኞ ጃንጥላው ታጥፎ ግንቡን ተደግፏል።
ሐሙስም እንዲሁ። በሳምንቱም።
በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ
ተዘርግቷል።

ከሥሩ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው
ታይፑን በሁለት ጣት ይመታል፤ ቀጭ… ቀጭ…
ቀና አለ። አላወቀኝም። ከየት ያውቀኛል?
"ጉዳይሽ ስንት መስመር ይሆናል?"

የእጅ ሰዓቴን እያየሁ
ደረቱ ሲነሳ፣ ሲወርድ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ።
"አስራ ስምንት" አልኩት።
ወረቀት አስገባ።