የመሻገሪያ ዋጋ

ከቤርገን በስተሰሜን፣ ፊዮርዱ ሲጠብ፣
መኪና የምትውጥ፣ አንድ ቀን ሳትጠግብ፣
ጀልባ አለች፤ እኔ ነኝ ትኬት የምቆርጠው።
ከዳር እስከ ዳር ሃያ ደቂቃ ነው፤
ዘጠኙ የሥራ፣ አሥራ አንዱ የግሌ።
ዘጠኙን ቅጽ ያነበብኩት በዚያች ትርፍ ነው፣
ማዕበሉ ፊደሉን እያስጨፈረው፣
ጨው የነካው ገጽ እንደ ቆዳ ከርሮ።

ወንድሜ ኤይቪን ግን
ከፊደል አይስማማም፣ ከጥንት ጀምሮ፤
ገና ዓይኑን ሲጥል መስመሩ ይበተናል
እንደ ፈሰሰ ምስር።
ፊልሞቹን ግን አይቷል፣
ሦስቱንም፣ ደጋግሞ፣ ከፊተኛው ወንበር።

«አንቺ ዘጠኝ ቅጽ ስትገልጪ አራት ዓመት ሄደ፤
እኔ በሦስት ማታ ጨርሼው ተኛሁ፤
ንጉሡም ያው ሞተ፣ ግንቡም ያው ነደደ፤
ታዲያ ምን ጎደለኝ? ኦስሂል፣ ምን አጣሁ?»

ቀዛፊዋን አጣህ፣ አልኩት።

ስም የላትም። በአራተኛው ቅጽ ሦስት ገጽ ብቻ ናት፤
ግራ ዓይኗ ጭጋግ፣ ቀኙ የነጋለት።
ሳንቲም አትቀበልም። ወንዙን የሚሻገር
አንዲት ቃል ይከፍላል፤ የከፈላት ቃል
ካንደበቱ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ይነቀላል።
ወታደሩ «ፈራሁ» የምትለውን ሰጣት።
ነጋዴው «ይበቃኛል»ን፤
ሳቀችበት፤ «አዲስ ናት፣ አንዴም አልተጠቀምክባት።»
ዙፋን የምትወርሰው ልጅ ግን ቆየች፣
ውሃ ውሃውን እያየች፤
ኋላ «እማዬ»ን ከፈለች።

ከዚያ ወዲያ ባለው አምስት ቅጽ ሙሉ
ያቺን ቃል አትልም። ደራሲዋም አታስታውስህም፤
አንተው ነህ የምትጠብቃት።
በስምንተኛው ላይ፣ እናቷ ስታጣጥር፣
ልጅቷ አፏን ከፈተች፤
ከዚያ አንድ ባዶ መስመር።
ነጭ ወረቀት ብቻ።
እዚያ መስመር ላይ እያለሁ ጀልባዋ ደረሰች፤
ገመድ መወርወር ረሳሁ፤ ካፒቴኑ ጡሩንባ ነፋ፤
ሰባት መኪና፣ አንድ የዓሣ ጭነት፣
በእኔ ጦስ ተሰልፎ ቆመ።

ፊልሙ ላይ ግን ድልድይ ሠሩ።
የሚያምር፣ የድንጋይ፤ ፈረሶቹ በከበሮ
በአርባ ሰከንድ ተሻገሩ።
ከአልጋው አጠገብም ልጅቷ ጮኸች፤ «እማዬ!»
አዳራሹ አለቀሰ፤ አንተም አለቀስክ፣ አይቼሃለሁ፤
እኔ ብቻ፣ ፈንዲሻዬን አቅፌ፣
«እሷን እኮ ከፍለሻታል!» ልል
ለጥቂት ተረፍኩ።

ኤይቪን ዝም አለ። ጓንቱን አወለቀ።
(እሱ በያጅ ነው፤
ፀደይ ሲመጣ ጀልባዋን የሚያስቀረው
ያ ድልድይ ላይ ነው የሚውለው።)
«ቀለበቱን ስታወልቅ» አለኝ፣ «ትንሿ ጣቷ
ተንቀጠቀጠች። ለራሷ ብቻ።
አይተሻል? መጽሐፉ ላይ አለ?»

የለም።
ፊልሙንም አይቼ ጣቷን አላየሁም፤
የጎደለውን ስቆጥር ያለውን አልቆጠርኩም።
ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ለእሱ ያልነገርኩት፤
የልጅቷን ፊት እኔ ነበርኩ የሠራሁት፣
ከራንዲ ወስጄ፣ ጥርሷ ከተሸረፈው የክፍል ጓደኛዬ።
አሁን ዓይኔን ብጨፍን ተዋናይዋ ናት፣
ጥርሰ ሙሉ፣ ቆንጆ።
ራንዲን ከየት ላምጣት?

በጥቅምት አንድ ማታ፣ በመጨረሻው ጉዞ፣
መኪናው ውስጥ ገብቼ ሦስቱን ገጽ አነበብኩለት።
ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደያዘ ሰማኝ፤
መስተዋቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ።
ስጨርስ፣ «አንተስ ብትሆን የቷን ቃል ትሰጣት?»
«ብነግርሽ» አለ፣ «ከፈልኳት ማለት አይደል?»
ሰንሰለቱ ወረደ። መኪናውን አስነሣና ሄደ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሲያወራኝ አዳምጣለሁ፣
ስለ ብየዳው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስቱ፤
የትኛዋ ቃል እንደጎደለች
እስካሁን አላወቅሁም።