የመጨረሻዋ አሃዝ

ከአሞራ ገደል በላይ፣ ከብየዳ ቤት አጠገብ፣
ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፣ የሐይቁን ቁመት ላነብ።
ግፊት የሚሰማ ሴንሰር ከቱቦ ጫፍ ላይ አስሬ፣
ሽቦውን በደንገል መሃል ስቤ፣ በመስኮት አሻግሬ፣
ቮልት ወደ አሃዝ ለሚመነዝር፣ ጥፍር ለሚያህል ቺፕ ሰጠሁ፤
ሐይቁ ምን እንደሚል ልሰማ አጎንብሼ ተቀመጥሁ።

ማለዳ ነው፤ ታቦር ገና ጥላውን አልሰበሰበም፣
ውሃው ላይ አንድ ጀልባ የለም፣ አንድ ቅጠል አልተሳበም።
እኔ ግን ስክሪኑ ላይ ማዕበል አያለሁ፣
አራት ሳንቲ ሲወጣ፣ ሦስት ሲወርድ ቆጥሬያለሁ።

ሌዳሞን ጠራሁት፣ መረቡን ሲያራግፍ፤
መጣ፣ በእርጥብ ክንዱ መቃኔን ሲደገፍ።
ስክሪኑን አየ። ሐይቁን አየ። ሳቀ።
«ውሃው እንደሆን ተኝቷል፤
የሚንቀጠቀጠው ያንቺ ሚዛን ነው።»

ሚዛን። እውነትም።
የሻጩ ክንድ እየራደ ኪሎው ቢንገዳገድ፣
ጥፋቱ የዓሣው ነው?

መብራታችን ከብየዳ ቤቱ ጋር በአንድ መስመር ነው የሚገባ፤
ዳንጊሶ ጭንብሉን ደፍቶ ብረት ከብረት ሲያጋባ
አምስት ቮልቴ ትባንናለች፣ ድንጋጤዋ ቺፑ ውስጥ እስኪገባ።
በዚያ ላይ ርካሹ ቻርጀሬ፣
በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚከፈት፣ የሚዘጋ በር።
ከምንጩ የደፈረሰን ከታች አያጠሩትም፤
አማካይ ባወጣ፣ ፕሮግራም ብደረድር፣ አልሆነም።

ከሥሩ ጀመርኩ።
አምስቱን ቮልት ለሁለት ከፈልኩ፦
አንዱ ለሚለፈልፈው፣ መብራት ለሚያበራው፣
አንዱ ለአዳማጩ፣ ጩኸት ለሚያስፈራው።
ካፓሲተሩን ከቺፑ እግር ሥር፣ ከጥፍሩ ጋር አስጠጋሁ፤
ሌሊት የሚጠማ ሰው ወንዝ አይወርድም፤ ጋኑን ከራስጌው አደረግሁ።

መሬት ደግሞ፤
መሬት አንድ መስሎኝ ነበር።
ለካ ሁለት ነው፤ የጩኸት መሬት፣ የዝምታ መሬት፣
በአንዲት ነጥብ ብቻ የሚገናኙ፣
እንደ ተኳረፉ ወንድማማቾች በእናታቸው ቤት።

ከመግቢያው ላይ ወንፊት ሠራሁ፤ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ካፓሲተር።
ካፓሲተሩን አስበለጥኩ። አሁንም አስበለጥኩ። መስመሩ እንደ ሐር ለሰለሰ፤
ደስታዬ ግን እስከ አመሻሽ ብቻ ነው የደረሰ።
የሌዳሞ ጀልባ ውሃውን ሰንጥቆ ዳር ሲመለስ፣
ሐይቁ ዓይኔ እያየ ሲናወጥ፣ ደንገሉ እስከ አንገቱ ሲርስ፣
መስመሬ ዝም። ቅንጣት አልተነሳ።
ወንፊቴ ከጫጫታው ጋር ሐይቁንም ረሳ።

የዳሩን መንገድ የሚበላው ማዕበል ነበር የምፈልገው።
ማጥራትም ለካ ውሸት አለው።

ካፓሲተሩን ነቀልኩ፣ አሥር እጥፍ በሚያንስ ተካሁ፤
የዳንጊሶ ብየዳ አይለፍ፣ የሌዳሞ ጀልባ ይለፍ፣
በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን ደፍ
ካውያዬ እስኪቀዘቅዝ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ፈለግሁ።

አሁን አራቱ አሃዞች ረግተዋል።
አምስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣
ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ትላለች።
ብየዳ ቤቱ ተዘግቷል። ጀልባዎቹ ታስረዋል።
አንድ ካፓሲተር ቀርቶኛል፣ መዳፌ ላይ።
የሽቦው ሙቀት ትሁን፣
ጥልቁ ውስጥ የተገላበጠ ዓሣ ይሁን፣
አላወቅሁም።

ተውኳት።