ወራጅ አለ

ጥጡ እንደ አመዳይ ከጸጉሬ ሳይረግፍ፣
የሌሊት ፈረቃ ሽፋሽፍቴ ላይ ሲንሳፈፍ፣
ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በጋሽ ሙሄ መኪና
ሐረጎን እወጣለሁ፣ ደብተሬን ገልጬ እንደገና።

ለአንድ መታጠፊያ አንድ ግስ፤ ከራሴ ጋር ነው ውሌ፣
አፋፉን ስንታጠፍ ይታጠፋል ቃሌ።
"ኢሽ ኤሰ"፣ እበላለሁ፣ ቁርስ ባልነካው አፌ፤
"ኢሽ ሽላፈ"፣ እተኛለሁ፣ ሌሊቱን ከክር ጋር ቆሜ አሳልፌ።
ለ"አንተ" ሲሆን ደግሞ "ዱ ሽሌፍስት" ይላል፣ ድምፁ ይለወጣል፤
ልክ ነው ግሱ፤ የኔና የሰው እንቅልፍ መቼ አንድ ይሆናል?

ከሁሉ የከበደችኝ ያቺ "ኢሽ" ናት፣ "እኔ"።
በእኛ "በላሁ" ሲባል ከቃሉ ጭራ ተወሽቃ
ሳትታይ ታልፋለች፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተሸማቃ፤
እዚያ ግን ከፊት ቆማ፣ ደረቷን ነፍታ፣
ግሱን በእጇ ይዛ ትመጣለች ጎትታ።
"እኔ፣ እኔ አትበይ" ብላ ያሳደገችኝ እናቴ
እሁድ ማታ "ኢሽ፣ ኢሽ" ስል ስትሰማ ከመኝታ ቤቴ፣
"ዝንቡ በዛብሽ እንዴ?" ትለኛለች በግድግዳው በኩል።

ቧንቧ ውሃ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ አስተማሪያችን ትርሲት
ጠመኔዋን ለሁለት ቀጨም አድርጋ፣
"የሚሰበር ግስ አለ" አለች፣ "እንደዚች።
ግማሹ ቀድሞ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል ከጫፍ፤
'ኢሽ ሽታይገ' ካላችሁ በኋላ ጠብቁ፣ አይዘጋም አፍ።
መጨረሻው 'አይን' ከሆነ ተሳፈራችሁ፣
'ኡም' ከሆነ መኪና ቀየራችሁ፣
'አውስ' ከሆነ ወረዳችሁ።"

'አይን'ን በዓይኔ አሰርኩት፣ ዓይን ከፍቶ መግባት ብዬ፤
'ኡም'ን በጎረቤቴ በሰዓዳ ልጆች፣ "ኡሚ" ሲሏት ሰምቼ፤
'አውስ'ን ግን የማስርበት አጣሁ።

ሰባት ወር ጋሽ ሙሄ በመስታወቱ ያየኛል፣ ዝም።
አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ጎማውን ሲስም፣
"ወራጅ አለ" ብዬ ብጣራ፣ ፍሬኑን ረግጦ፣
"ዛሬ በአማርኛ አይወረድም!" አለኝ፣ አንገቱን መልሶ።
"በዚያው በጀርመንኛሽ!"

ሽንኩርት የያዙት እማማ፣ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ሁሉም ዞሩ።
"ኢሽ..." አልኩ። "...ሽታይገ..."
ከዚያ ባዶ።
ሐረጎን ሙሉ ያኘክኩት ቃል ከጥርሴ ሾልኮ ጠፋ።
አሥራ አራት ሰው የአንድ ግስ ግማሽ እየጠበቀ
ሞተሩ ይንተከተካል።

ያኔ ረዳቱ ሸምሱ፣ ደብተር ገልጦ የማያውቀው፣
ብሩን በጣቶቹ መሀል እንደሰካ፣
"አውስ!" አለ።
"አውስ አለ፣ ጋሼ!" ብሎ በሩን ሳበው።

ሳቁ ሳይበርድ ወረድኩ።
እማማም ዘንቢላቸውን ይዘው ተከተሉኝ፤
"ይኼ አውስ የምትሉት ሰፈር" አሉኝ፣ "ሩቅ ነው ልጄ?"

"ገና አልደረስኩበትም" አልኳቸው።