ሆድ ሲተረጎም

የምኖርባት ከተማ ስሟ ቂርያት ጋት፣
ጋት ማለት መጭመቂያ፣ የወይን መርገጫ ናት።
እኔም ዘጠኝ ዓመት ስረገጥ ኖርኩባት።

እዚህ አራክ ይላሉ፣ እኛ አረቄ ስንል፤
ፊደሉ ቢለወጥ እሳቱ መች ጎድሏል።
ሌሊት ዘብ ነበርኩኝ የፋብሪካ በር ላይ፤
ኪዮስኩ ሲከፈት፣ ገና ሳይነጋ ሰማይ፣
ትንሿ ጠርሙስ ኪሴ፣ ትልቋ ብብቴ ላይ።

ሚስቴ ትርንጎ ግን አልጮኸችም ከቶ።
ባዶ ጠርሙሴ ሁሉ በጋሪ ተጎትቶ
ሱቅ ሲመለስ ከርሞ፣ በሠላሳ ሠላሳ አጎሮት፣
ሳንቲሙን ዘረገፈችው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሌሊት፤
«ቁጠር» አለች፣ «የዘንድሮ ዕድሜህ ነው።»
ቆጠርኩ። መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ክሊኒኩ ከኪዮስኩ በላይ ነው፣ ፎቁ ላይ።
ደረጃው አሥራ ዘጠኝ። ሦስት ቀን
ከአሥራ ስምንተኛው ተመለስኩ።

«የት ነው የሚሰማህ?» ሐኪሟ ጠየቀች።
አስተርጓሚዋ ኦስናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣
አማርኛን ከእናቷ ቁጣ የለቀመች።
«ሆዴን ባር ባር ይለዋል» አልኳት፤
ሆድን አወቀችው፣ ባር ባርን ዘለለች።

በሳምንቱ ረዥም ቱቦ በጉሮሮዬ ተልኮ
ጨጓራዬን ፈተሸው፣ እንደ ጉምሩክ ተንበርክኮ።
«ቀላ ብሏል እንጂ ሌላ የለም» አሉኝ።
ሳቅሁ። ትርንጎም ሳቀች፣ በስንት ጊዜዋ!

እንዴት ብዬ ላስረዳ፣ በየት በኩል ልግባ?
በኛ ሆድ ነው የሚብሰው፣ ሆድ ነው የሚባባ፣
ሆድ ነው የሚሸሽገው የአገር ሙሉ እንባ።
ወንድሜን ሙላውን ሱዳን አሸዋ ውስጥ
ቀብረን ስንነሣ፣ አባቴ ዞር ሳይል
«ሆድ ይፍጀው» አለኝ።
ሆድ አልፈጀውም።
እርሱ ሆዴን ፈጀው።

በሌላ ቀጠሮ ጣቴን በመቆንጠጫ ያዙ፤
ስክሪኑ ላይ ወጣ የልቤ መዘዙ፦
የተሰበረ ብርጭቆ የመሰለ መስመር።
«አምስት ቆጥረህ አስገባ፣ አምስት ቆጥረህ አስወጣ፤
አትታገል፣ አትቸኩል፣ ይሂድና ይምጣ።»
አስገባሁ። አስወጣሁ። ስባሪው ሲለሰልስ፣
ሞገድ ሆኖ ሲወጣ፣ ሞገድ ሆኖ ሲመለስ
አየሁት በዓይኔ።
አፌ ሠላሳ ዓመት የቆለፈውን
ጣቴ ተናገረ፣ ያለ አስተርጓሚ።

ማክሰኞ ማክሰኞ መርፌ ነው፣ በጆሮ፤
ነርሷ ሉድሚላ ትሰካለች ቆጥራ፣
አምስቱን በቀኜ፣ አምስቱን በግራ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
አርባ ደቂቃ ዝም ብዬ ስቀመጥ፣
ከጎኔ አንድ ጆርጂያዊ ሽማግሌ እያንኮራፋ፣
ባዳነቱ ቀስ በቀስ ጠፋ።

በሰባኛው ቀን ወደቅሁ።
ምክንያት የለኝም። ዝናብ ነበር።
ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ጠየቀችኝ ብቻ፦
ስንት ሰዓት ነበር? እንቅልፍ ነበረህ ወይ?
ምሳህን በልተሃል? ማን ደውሎ ነበር?
መንገድ የጠፋበት ሰው ካርታ እንደሚያነብ
ውድቀቴን ዘርግተን አነበብን።

አሁንም ሌሊት ዘብ ነኝ። ጥማቱም ይመጣል፣
ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቀጠሮ ያከብራል።
አላባርረውም። አምስት ቆጥሬ አስገባና
ስወጣው «ሙላው» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
ሩብ ሰዓት ይቆያል። ይሄዳል።
አንዳንዴ አይሄድም። ያኔ ትርንጎን እቀሰቅሳታለሁ በስልክ፤
«ቁጠር» ትለኛለች፣ በእንቅልፍ ልቧ።

ባለፈው ኦስናት፣ ሐኪሟ ወጣ ስትል፣
«ጋሼ፣ ይቅርታ... ባር ባር ማለት ምንድነው?» አለች።
ቃል ፈለግሁ። አጣሁ።
መቆንጠጫውን ከጣቴ አውልቄ
በጣቷ ላይ ሰካሁት።
መስመሩ ዘለለ፣ ተሰባበረ፣
ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ቀረ።
«ይኸው» አልኳት።
«አሁን ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»