ርግጥ

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ካለቀ፣ ምሳም ከተበላ፣
ሸዋዬ የእንስሳት ክሊኒኩን መጋዘን ትከፍታለች፣ ከመሐል ሜዳ ገበያ ኋላ።
የክትባት ሣጥኑን ወደ ጥግ ትገፋለች፣
ሰሌን ታነጥፋለች፣
ብረት ድስት ትጥዳለች፤
እኛም የጓሳ ንፋስ ጠምዝዞን፣
አፍንጫችን ቀልቶ እንገባለን፣ ጠጉር በኬሻ ይዘን።

አቶ ጎርፉ አሉ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣
ሁለቱን ለማሽኑ ትተው፣ በስምንት ጣት ወዳገራቸው የዞሩ።
ማንያህልሃል አለ፣ ከቤት ቤት ዞሮ ቆጣሪ የሚያነብ፤
ይፍቱሥራ ነበረች፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ የምትተይብ።
እኔ ሒሳብ አስተማሪ፣
እዚያ ክፍል ግን ተማሪ።

እናቴ ትጠይቀኛለች፦ «ስንት አወጣ?»
አይሸጥም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።
እሷ ጠጉር ፈትላ፣ ባና አሠርታ፣ ግብር የከፈለች፤
ጠጉር ጨዋታ ሲሆን የት አየች?

መጀመሪያ መንደፍ ነው፤ ደጋኑ በአቶ ጎርፉ እጅ እም፣ እም ይላል፣
ጭቃው፣ አሜከላው፣ በጉ የከረመበት ክረምት ሁሉ ይረግፋል።
ከዚያ መደርደር፤ አንዱ በቁም፣ አንዱ በአግድም፣
ነጭ፣ ቡላ፣ ጥቁር። ቀዩ የይፍቱሥራ ነው፤ በምን እንደነከረችው አትነግረንም።
ከዚያ ሳሙና፣ ፈላ ውኃ፣ ከዚያ መጠቅለል፣ ከዚያ እግር፤
አምስት ሰው ጎን ለጎን፣ ሱሪና ቀሚስ እስከ ጉልበት ሰብስቦ፣ አንድ ሰሌን ሲያሽከረክር።
ይፍቱሥራ ትቆጥራለች፦ «መቶ አርባ፣ መቶ አርባ አንድ…»
እኔ አልቆጥርም፤ ወሬ ይዞኝ ይሄዳል በሌላ መንገድ።
«ሦስት መቶ!» ስትል እንፈታዋለን፤
ክንድ ከስንዝር የነበረው ክንድ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን።
«ካልጠበበ ጥበብ አይሆን» ይላሉ አቶ ጎርፉ።
ፈትል የለው፣ ድርና ማግ የለው፣ ስፌት የለው፤
ጠጉር ከጠጉር ተናንቆ እንጂ፣ ያሰረው ሰው የለው።

ስም ፈለግንለት፤ ከአገሬው አፍ ስም አጣንለት።
በእግር የተረገጠ ነውና «ርግጥ» አልነው፤
ማንያህልሃል ሳቀና «እርግጥ ነው» አለበት።

አባ ጽጌ አንድ ቀን ጃንጥላቸውን በሩ ላይ ተክለው፣
«ሰንበት ይሽራሉ አሉኝ» አሉን፣ ገርመም አድርገው።
«ሥራ አይደለም አባ፤ ጨዋታ ነው።»
ዝም አሉ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት።
ከዚያ በቀስታ፦ «የማሕሌቱ ድንጋይ ሌሊት ሌሊት እግር ይበላል፤
ቆሜ የማድርበት፣ ከጨዋታው፣ ቁራጭ ይገኛል?»

በየካቲት ይፍቱሥራ ተዛወረች፤ ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ሸዋ ሮቢት፣
ፀሐይ ብርድ ልብስ ወደ ሆነበት።
የጋራችንን ምንጣፍ ዘርግተን «ድርሻሽን ውሰጂ» አልናት።
ቀዩን በጥፍሯ ሳብ አደረገች፤ ጥቁሩ ተከተላት፣
ቡላው ተከተላት፣ የኔም ነጭ ተከተላት።
ማንያህልሃል መቀስ አነሣ።
አቶ ጎርፉ እጁን በስምንት ጣታቸው ያዙት።
«መቁረጥ የፋብሪካ ነው» አሉ፤ ሌላ አላሉም።
ሳሙናውን ሰጠናት፣ ግማሹ ያለቀውን፣ የሁላችን ጣት ያለበትን።

ከፋሲካ በኋላ ደወለች፦
«የዚህ አገር በግ ጠጉሩ ላመል ነው። ጥጥ ገዛሁ፣
በሳሙናው አሸሁት፣ በፈላ ውኃ ረገጥሁ፤
ጠጣ እንጂ አልተያያዘም። ሲደርቅ እፍ ብለው በነነ።»
አቶ ጎርፉ ስልኩን ተቀበሉኝ፦
«ጥጥ እንዝርት ነው የሚሻው፣ ልጄ።
ጎረቤት ጠይቂ፤ ብቻሽን አትርገጪ።»

አሁን ቆጣሪው እኔ ነኝ። መቶ ስልሳ ላይ ወሬ ይወስደኛል፣
ከየት እንደቀጠልሁ ይጠፋኛል።
ባለፈው እሑድ የጋራውን ምንጣፍ ደግመን አራስነው፤
ሦስት መቶን በስንት እንዳለፍን እንጃ፣
ስንፈታው ዳር ዳሩ ጠበቀ።
መሐል ላይ ቀዩ መስመር፣
እሱም ጠበቀ።