መብራት የጠፋ ዕለት

ቱሉ ዲምቱ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣
ሽሮው ቢያርር እንኳ፣ ሻዩ ገንፍሎ ቢፈላ፣
እናቴ አትነሳም፣
በር ቢንኳኳ አትሰማም።
አራት ፎቅ ውሃ ያመላለሰ፣ እግሯ እንደተነፋ፣
ባዶ ጀሪካን ላይ፣ ዘርግታው ከሶፋ፣
ዓይኗ ህንድ አገር ነው።

ናሊኒ ታለቅሳለች፣ በጠራ አማርኛ፣
ከንፈሯ ሲገጠም፣ ድምጿ ገና ሳይተኛ፤
ባል የቀበረች ናት፣ ነጭ የለበሰች፣
የሀብታም ልጅ ወድዷት፣ ከበር የተመለሰች።
አማቷ ወርቅ አጥልቃ፣ ደጁን ይዛ ቆማ፣
«ጥላሽ አይግባብኝ» ስትል፣ እናቴ ስትሰማ፣
«ምን አጠፋች!» ትላለች፣ ጉልበቷን ትመታለች፣
በነጠላዋ ጫፍ፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፤
«አንቺ ልበ ደንጊያ፣ ልጅሽን ገደልሽው!
እግዜር ያገናኘውን፣ በምን አቅም ለየሽው?»

እኔ አጠገቧ ሆኜ፣ ጥፍሬን እበላለሁ፣
ወንድሜን፣ ናሁሰናይን፣ አስታውሳለሁ።
ካለፈው ጥምቀት ወዲህ፣ ይህን ደጅ አልረገጠም፤
ስሙ ከቤቱ ጠፋ፣ ፎቶው ግን አልወረደም።
ሲፈንን አገባ። ፈት ናት፤ ልጅ አላት፣
የአምስት ዓመት ልጅ፣ ማክቤል የሚሏት።
«ከሰው የተረፈ፣ ልጄ አይጎርስም» አለች፣
እናቴ ያን ለታ፤ በሩን ይዛ ቆመች።
ወርቅ አልነበራትም፤
ሽርጥ ነበር ያሸረጠች።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ፣
ናሊኒ በዝናብ፣ ደጁ ላይ እንደቆመች፣
አማት እጀታውን፣
ልትከፍት ይሁን ልትቆልፍ፣ ገና እንደጨበጠች፣
መብራት ጥፍት!
ባንድ አፍ «ወይኔ!» አለ፣ ብሎኩ ከታች እስከ ላይ፤
ውሻ ጮኸ ከሩቅ፣ ከጤፍ ማሳው ወዲያ ላይ።

እናቴ በጨለማ፣ እጄን ፈልጋ ያዘች።
«ትከፍትላታለች? ወይስ…» ብላ ተወች።
«አንቺ በስልክሽ ላይ፣ ቀድመሽ አይተሽ የለም? እስኪ ንገሪኝ።»
አላየሁም።
«አይቻለሁ» አልኩ፣ ምራቄን ዋጥኩና፣
የሰው አገር ታሪክ፣ ከራሴ ቀጠልኩና፦

«አማቲቱ ከፈተች። ዝናቡ አብሮ ገባ።
ናሊኒ ከኋላዋ፣ ትንሽ ልጅ ደብቃለች፣
የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቀይ ቦት ጫማ ያጠለቀች፤
ቀሚሷን ሳብ አድርጋ፣
‹የአባባ እናት ይህቺ ናት?› አለች።
እሱ ደረጃው ሥር፣ ቆሞ ይጠብቃል፣
ጀሪካን ይዟል በእጁ፤
የናቱ እግር እንደሚያብጥ፣ ከማንም በላይ ያውቃል፤
ውሃ በመጣ ቁጥር፣ ማን ቀዳላት እያለ፣
ሌሊቱን ሲገላበጥ…»

ዝም አልኩ።

«ህንድም ውሃ ይጠፋል?» አለች እናቴ በቀስታ።
«ይጠፋል» አልኩ።

ከጎረቤት ቤት፣ ክብሪት ሲጫር ተሰማ፤
ፍሪጁ ቀልጦ ጠብ ጠብ፣ ይላል በጨለማ።
እጄን አለቀቀችም።
«ልጅቷ…» አለች ቆይታ፣ «ስንት ዓመቷ ነው?»
«አምስት።»
«ለጥርስማ ቶሎ ነው። ወድቃ መሆን አለበት።
ገላን ያለው ደረጃ፣ መደገፊያ የለውም ይባላል፤
ሕፃን ልጅ ይዞ እዚያ፣ ሰው እንዴት ይኖራል?»

ገላን አላልኩም ነበር።
እኔ ስለ ህንድ ነበር፣ የማወራው እስካሁን።

መብራት ሲመጣ፣
ድራማው አልቆ ኖሮ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣
ስለ ሳሙና አረፋ፣ ትስቃለች በድንገት።
ከፍታ ይሁን ዘግታ፣ አማቲቱን ማን አያት?
እናቴም አልጠየቀች። እያነከሰች ሄደች፣
ድስቱን ከእሳት አወረደች።
«ነገ ድጋሚው አለ» አልኳት፣ «ቀን በስድስት ሰዓት።»
«አልኖርም» አለች፣
ያረረውን ሽሮ፣ በማንኪያ እየፋቀች።